ጥሬ ፎቶግራፍ፤ አዲስ ካሜራና አሮጌ ፕሮግራም

(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ የምናገርበት ጉዳይ ለፎቶግራፍ ሙያተኞች ብቻ የተተወ ይመስላል። ነገር ግን በየመሥሪያ ቤቱ ካሜራ አለና፤ ካሜራው ያነሣውም ሁሉ ውሎ አድሮ የመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ይሆናልና፤ ጉዳዩ በዓል የሚያዘጋጀውንም፣ ዕቃ የሚገዛውንም፣ መዝገብ የሚጠብቀውንም ሠራተኛ ይመለከታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት አዲስ ካሜራ ይገዛል። ዕቃው በሞዴል 19 ገቢ ይሆናል፤ በሞዴል 22 ደግሞ ለሕዝብ ግንኙነት ክፍል ወጪ ይደረጋል። ፎቶግራፍ አንሺው ጥራቱ እንዲበልጥለት በማሰብ፣ ካሜራው ፈረንጆቹ «ሮው» በሚሉት፣ እኛም «ጥሬ» ልንለው በምንችለው ዐይነት ፋይል እንዲመዘግብ ያዘዋል፤ የምረቃውንም በዓል አንሥቶ ይመለሳል። ካርዱን ከኮምፒዩተሩ ጋር ሲያገናኘው ግን፣ ለብዙ ዓመት ያገለገለው የፎቶግራፍ ፕሮግራም ይህን ፋይል አላውቀውም ብሎ ይመልስለታል። ከዚያ በኋላ የሚሆነው የታወቀ ነው። ካሜራው ተበላሽቷል ተብሎ ማስታወሻ ይጻፋል። ሻጩ ይጠራል። ሻጩም ካሜራውን አገላብጦ አይቶ ደኅና ነው ይላል፤ እውነቱንም ነው። ኮምፒዩተሩም ደኅና ነው፤ ካርዱም ደኅና ነው። ሁሉም ደኅና ሆኖ ሳለ ፎቶግራፉ የለም።

ለመሆኑ ጥሬ ፋይል ምንድን ነው? ስሙ ራሱ ይናገራል። ጥሬ ቡና ገና ያልተቈላ፣ ያልተወቀጠ፣ ያልተፈላ ነው፤ ባለቤቱ እንደ ወደደ ያጠቁረዋል፣ ወይም ቀላ አድርጎ ያወጣዋል። ከተፈላ በኋላ ግን ወደ ፍሬነቱ የሚመልሰው የለም። ጄፔግ የሚባለው የተለመደው የፎቶግራፍ ፋይል የተፈላው ቡና ነው። ካሜራው ራሱ ቈልቶ፣ ወቅጦ፣ አፍልቶ ያቀርበዋል፤ ያልፈለገውንም ይጥለዋል። ጥሬው ፋይል ግን ገና ፎቶግራፍ ያልሆነ፣ የብርሃን ልክ የተጻፈበት የቍጥር ዝርዝር ነው።

በካሜራው ሆድ ውስጥ፣ ቀድሞ ፊልሙ ይዘረጋበት በነበረው ስፍራ፣ ሴንሰር የሚባል ገበታ አለ። በላዩ ላይ በሚሊዮን የሚቈጠሩ ጥቃቅን ብርሃን ተቀባዮች ተደርድረዋል። እያንዳንዳቸው የሚያውቁት የብርሃኑን ብዛት እንጂ ቀለሙን አይደለም። ይህን ችግር በብልሃት የፈታው በአሜሪካ የኮዳክ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ብራይስ ባየር ነው፤ የፈጠራውም መብት በ1976 ጸድቋል። (ዓመታቱን ሁሉ የምጠራው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆኑን አድማጮች ልብ ይበሉልኝ።) ባየር በእያንዳንዱ ተቀባይ ላይ ባለ ቀለም መስተዋት የመሰለ ማጣሪያ አኖረ። ከአራቱ ተቀባዮች ሁለቱ አረንጓዴ፣ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ሰማያዊ እንዲያዩ አደረገ። አረንጓዴው የበዛበት ምክንያት የሰው ዐይን ጥቃቅኑን ነገር ለይቶ የሚያየው በዚያ ቀለም አካባቢ በመሆኑ ነው። ስለዚህ 24 ሚሊዮን ነጥብ አለው ከሚባለው ካሜራ 12 ሚሊዮኑ አረንጓዴን፣ 6 ሚሊዮኑ ቀይን፣ 6 ሚሊዮኑ ሰማያዊን ብቻ ይለካሉ። ለእያንዳንዱ ነጥብ የጐደሉት ሁለት ቀለሞች ከጎረቤቶቹ እየተሰሉ ይሞላሉ።

ጄፔግ ሲሆን ይህን ስሌት የሚፈጽመው ካሜራው ነው። ፈጽሞም ለእያንዳንዱ ቀለም 256 የብርሃን ደረጃ ብቻ ያስቀርለታል። ጥሬው ፋይል ግን ስሌቱን ለኮምፒዩተሩ ይተውና የተለካውን እንዳለ ያስቀምጣል፤ ባለ 12 ቢት ካሜራ ቢሆን 4096 ደረጃ፣ ባለ 14 ቢት ቢሆን 16384 ደረጃ ይይዛል።

ይህ ሁሉ ደረጃ ምን ያደርጋል የሚል አይጠፋም። በእኛ አገር ብርሃን ብዙ ያደርጋል። አንዲት እናት ነጭ ነጠላ ተከናንበው በቀትር ፀሐይ ቆመዋል እንበል። ነጠላው የፀሐዩን ብርሃን ይመልሳል፤ ፊታቸው ግን ከነጠላው ጥላ ሥር ነው። በጄፔግ የተነሣ እንደ ሆነ፣ ወይ የነጠላው እጥፋት ጠፍቶ እንደ ኖራ ግድግዳ ይነጣል፤ ወይም ነጠላው ሲያምር ፊታቸው ይጨልማል። በጥሬው ፋይል ግን፣ አንሺው ብርሃኑን ከልክ እስካላሳለፈ ድረስ፣ የነጠላውም እጥፋት፣ የፊታቸውም መልክ በቍጥሮቹ ውስጥ አለ፤ አውጥቶ ማሳየት የሙያተኛው ፈንታ ነው። ስለዚህ ፎቶግራፍ አንሺው ጥሬውን በመምረጡ አይነቀፍም።

እንግዲህ ፕሮግራሙ ጥሬውን የማያውቀው ስለ ምንድን ነው? ጄፔግ በዓለም ሁሉ አንድ ነው፤ የትም ቢጻፍ የትም ይነበባል። ጥሬው ፋይል ግን እያንዳንዱ ፋብሪካ በየራሱ ቋንቋ የሚጽፈው ነው። የካነን ሌላ ነው፤ የኒኮን ሌላ ነው፤ የሶኒም ሌላ ነው። ይባስ ብሎ፣ ከአንድ ፋብሪካ የወጡ ሁለት ካሜራዎች የፋይላቸው ስም መጨረሻ አንድ ሆኖ ሳለ ውስጡ ሊለያይ ይችላል። ፕሮግራሙ ፋይሉን ሲከፍት አስቀድሞ ከራስጌው የካሜራውን ስም ያነባል። ከዚያም ያ ካሜራ ቍጥሮቹን በምን ስልት ጨምቆ እንዳሸጋቸው፣ ከየትኛው ቍጥር በታች ጨለማ፣ ከየትኛው በላይ ደግሞ ሙሉ ብርሃን መሆኑን፣ የዚያ ሴንሰር ቀይ ከምናውቀው ቀይ ጋር የሚስማማበትን ስሌት ጭምር ከራሱ መዝገብ ይፈልጋል። ካሜራው ከፕሮግራሙ በኋላ የተወለደ እንደ ሆነ ስሙ በመዝገቡ ላይ የለም። አንዳንዱ ፕሮግራም በቀጥታ እምቢ ይላል። አንዳንዱ ደግሞ በግምት ይከፍተውና ሰዎቹን ሐምራዊ ወይም አረንጓዴ አድርጎ ያሳያል፤ እንዲህ ሲሆን ብዙ ሰው ካሜራውን ይጠረጥራል፤ የጐደለው ግን የቀለሙ ስሌት ነው።

እዚህ ላይ ሰውን የሚያሳስት አንድ ነገር አለ። በኮምፒዩተሩ መስኮት የፎቶግራፉ ትንሽ ምስል ወለል ብሎ ይታያል፤ ፕሮግራሙ ግን ፋይሉን አልከፍትም ይላል። ተመልካቹም «ይኸው እየታየ አይደለም ወይ?» ብሎ ይቆጣል። የሚታየው ጥሬው አይደለም። ካሜራው በጀርባው መስተዋት ላይ ለማሳየት እንዲመቸው ከጥሬው ጋር አንድ ጄፔግ በዚያው ፋይል ውስጥ ሸጉጦ ያስቀምጣል፤ የሚታየው እርሱ ነው። ለችኮላ ጊዜ ግን ይህ ትንሽ መድኃኒት አለው። ኤግዚፍቱል የሚባለው በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም ያን የተሸጐጠ ጄፔግ አውጥቶ ሊሰጥ ይችላል። ለነገ ጋዜጣ የሚደርስ ፎቶግራፍ ጠፍቶ ለተጨነቀ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሌላው ስሕተት የፋይሉን ስም መለወጥ ነው። ካነን በ2018 ኢ ኦ ኤስ ኤም 50 የተባለውን ካሜራ ሲያወጣ፣ ቀድሞ «ሲ አር 2» ይባል የነበረውን ጥሬ ፋይሉን ትቶ «ሲ አር 3» የተባለውን ጀመረ። በአንድ ቍጥር ብቻ የሚለያዩ ስለሚመስሉ፣ 3ቱን ፍቆ 2 በማድረግ ሊያታልል የሞከረ ሰው ብዙ ነው። ልዩነቱ ግን ከስሙ ላይ አይደለም። የቀድሞው አሠራር ከቆየው የምስል ፋይል ስልት የተወሰደ ሲሆን፣ የአዲሱ መያዣ ከቪዲዮ ፋይል መያዣ ጋር አንድ ወገን ነው። ዳርክቴብል የተባለው በነፃ የሚታደል ዝነኛ ፕሮግራም እንኳ ይህን ፋይል መክፈት የቻለው በታኅሣሥ 2021 ማለቂያ ላይ በወጣው እትሙ ነው። ከሦስት ዓመት በላይ መሆኑ ነው። የካሜራውን ስም በፋይሉ ራስጌ ላይ ለውጠው በቀድሞው ካሜራ ስም የሚያስከፍቱም አሉ። ሁለቱ ካሜራዎች የቅርብ ዘመድ ከሆኑ አንዳንድ ጊዜ ይሳካል፤ ቀለሙ ግን አይታመንም። በእኔ አስተያየት ይህ በሌላ ሰው መታወቂያ እንደ ማለፍ ስለሆነ፣ መዝገብ ለሚጠብቅ መሥሪያ ቤት አይገባም።

አሁን ፋብሪካዎቹ ለምን አንድ ቋንቋ አይጽፉም ወደሚለው ጥያቄ እንምጣ። ጥያቄው የቆየ ነው፤ አንድ ጊዜም ወደ ግልጽ ክርክር ደርሶ ነበር። በ2005 ኒኮን ዲ2ኤክስ የተባለው ካሜራ በሚጽፈው ጥሬ ፋይል ውስጥ የነጭ ሚዛን የሚባለው መረጃ በምስጢር ቍጥር ተቈልፎ ተገኘ። የነጭ ሚዛን ማለት ፎቶግራፉ የተነሣው በፀሐይ ይሁን ወይም በቢሮ መብራት፣ ነጩ ወረቀት ነጭ ሆኖ እንዲታይ የሚያደርግ ልክ ነው። ፎቶሾፕን ከወንድሙ ጋር የፈጠረው ቶማስ ኖል ነገሩን በአደባባይ ነቀፈ። ኒኮን በበኩሉ ለታወቁ ፕሮግራም ሠሪዎች መክፈቻ መሣሪያ እሰጣለሁ ሲል መልስ ሰጠ። በዚህ መካከል ዴቭ ኮፊን የተባለ ፕሮግራም ሠሪ ቍልፉን ፈታው።

ስለዚህ ሰው ጥቂት መናገር ይገባል። ኮፊን በ1997 ዲሲሮው የተባለ ፕሮግራም መጻፍ ጀመረ። ፋብሪካዎቹ ምስጢራቸውን ባይገልጹለትም የየካሜራውን ፋይል ቍጥር በቍጥር እየመረመረ፣ በመቶ የሚቈጠሩ የካሜራ ዐይነቶችን ጥሬ ፋይል የሚያነብ ፕሮግራም ሠርቶ ለዓለም በነፃ አበረከተ። የመጨረሻው እትሙ የወጣው በ2018 ነው፤ ከእርሱ ሥራ የተወለደው ሊብሮው የተባለው ግን ዛሬም ሥራውን ቀጥሏል፤ ብዙ ፕሮግራሞችም በእርሱ ይጠቀማሉ። ስሙን ሰምተው የማያውቁ ብዙ ሰዎች የራሳቸውን ፎቶግራፍ ማየት የቻሉት በእርሱ ድካም ነው።

ፋብሪካዎቹ ምስጢራችን ነው የሚሉት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሴንሰሩን ለመሥራት ገንዘብና ዕውቀት አፍስሰዋል። ቢሆንም የተነሣው ሰው፣ የተነሣው በዓል፣ ካሜራውም የፋብሪካው አይደሉም። ገዝተን ባነሣነው ፎቶግራፍ ላይ መክፈቻው በሌላ ሰው እጅ መቅረቱ ለእኔ አልዋጥ ብሎኛል። አዶቢ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ2004 ዲ ኤን ጂ የተባለ፣ አሠራሩ ለማንም የተገለጸ የጥሬ ፋይል ዐይነት አቅርቧል። ላይካ በዚህ የሚጽፉ ካሜራዎች ሠርቷል፤ ፔንታክስም በብዙ ካሜራዎቹ ለባለቤቱ ምርጫ ሰጥቷል። ካነን፣ ኒኮንና ሶኒ ግን በየራሳቸው ቋንቋ ጸንተዋል።

እንግዲህ በችግሩ ላይ የወደቀ ሠራተኛ ምን ያድርግ? ከሁሉ አስቀድሞ ካርዱን እንዳይነካ። በካርዱ ያለውን ሁሉ በሁለት የተለያዩ ስፍራዎች ይገልብጥ፤ ፋይሎቹም ሳይከፈቱ ካርዱን ፎርማት እንዳያደርግ። በማያውቀው ፕሮግራም ከፍቶ በላዩ ላይ ማስቀመጥም ሆነ ማዞር አይገባም፤ ሥራው ሁሉ በግልባጩ ላይ ይሁን።

ቀጥሎ የፋብሪካውን የራሱን ፕሮግራም ይፈልግ። ካነን ዲጂታል ፎቶ ፕሮፌሽናል፣ ኒኮን ኤን ኤክስ ስቱዲዮ፣ ሶኒ ደግሞ ኢሜጂንግ ኤጅ የሚባሉ ፕሮግራሞችን ለደንበኞቻቸው ያለ ዋጋ ይሰጣሉ። እነዚህ ከካሜራው ጋር አንድ ቤት የወጡ ስለሆኑ ቋንቋው አይጠፋቸውም። አሠራራቸው ዘገምተኛ ነው የሚል ወቀሳ ቢኖርም፣ ጥሬውን ከፍቶ ወደ ጄፔግ ወይም ወደ ቲፍ ለማውጣት ይበቃሉ።

የለመደውን ፎቶሾፕ መተው የማይወድ ሰው ደግሞ ያለው የትኛው እትም እንደ ሆነ ይመልከት። በአንዳንድ መሥሪያ ቤት እስከ ዛሬ የሚሠራበት ሲ ኤስ 6 በ2012 የወጣ ነው፤ ጥሬ ፋይል የሚያነብለት ክፍሉም በ2015 ከወጣው 9.1.1 ከሚባለው እትም ወዲህ አልታደሰም። እንግዲህ ከዚያ ወዲህ የተወለደ ካሜራ ሁሉ ለእርሱ እንግዳ ነው፤ ቢጠብቁትም አይማርም። አዶቢ ከ2013 ጀምሮ አዲሶቹን እትሞች በኪራይ ብቻ እንዲሆኑ አድርጓል፤ በየወሩም በውጭ ምንዛሪ መክፈል ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ምን ያህል አሰልቺ እንደ ሆነ የሒሳብ ክፍል ባልደረቦች ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። ነገር ግን ይኸው ኩባንያ ዲ ኤን ጂ ኮንቨርተር የሚባል መለወጫ በነፃ ይሰጣል። አዲሱን ጥሬ ፋይል ወስዶ ወደ ዲ ኤን ጂ ይለውጠዋል። አሮጌው ፕሮግራም የሚያስፈልገው የቀለም ስሌት በዲ ኤን ጂው ውስጥ ተጽፎ ስለሚመጣለት፣ የካሜራውን ስም ባያውቀውም ይከፍተዋል።

በዚህ ላይ ሁለት ነገር ማስታወስ ይገባል። በመለወጫው ምርጫዎች ውስጥ ዲ ኤን ጂው ከየትኛው እትም ጋር እንዲስማማ የሚጠይቅ ስፍራ አለ፤ ለሲ ኤስ 6 «ካሜራ ሮው 7.1» የሚለው ይመረጥ። ይህን ያላደረገ ሰው ለውጦ ሲያበቃ ያው የጥንቱ መልስ ይጠብቀዋል። ሁለተኛው፣ አዲሱ መለወጫ እንደ ዊንዶውስ 7 ባለ አሮጌ ሥርዓት ላይ አይሠራም። ስለሆነም ለውጡን በሌላ አዲስ ኮምፒዩተር ላይ ፈጽሞ ዲ ኤን ጂዎቹን ይዞ መመለስ ነው፤ አሮጌው ኮምፒዩተር ከዚያ ወዲህ ችግር የለበትም። የፋብሪካው ጥሬ ግን አይጣል፤ ለውጡ እንደ ትርጉም ነውና ዋናው ጽሑፍ መቀመጥ አለበት።

ኪራይ የማይሻ ሰው ዳርክቴብልንና ሮውቴራፒን ይሞክር። ሁለቱም በነፃ የሚታደሉ ናቸው። ሮውቴራፒ ለጀማሪ ጥቂት ያስፈራል፤ ቍልፉ ብዙ ነው። ከማውረድ በፊት ካሜራው በሚደግፏቸው ካሜራዎች ዝርዝር ውስጥ መኖሩን ማየት ብዙ ድካም ያድናል።

አንዳንድ ጊዜ መፍትሔው በካሜራው ሜኑ ውስጥ ነው። አንዳንድ ካሜራ ጥሬውን በተለያየ አጨማመቅ ይጽፋል። ለምሳሌ በ2021 የወጣው የኒኮን ዜድ 9 «ሃይ ኤፊሸንሲ» የሚል አዲስ አጨማመቅ ይዞ ስለ መጣ፣ ካሜራውን ያወቁት ፕሮግራሞች እንኳ ይህንኛውን መክፈት ተስኗቸው ነበር። «ሎስለስ ኮምፕረስድ» የሚለውን የመረጠ ባለ ካሜራ ግን ሥራውን ቀጠለ። ለማይደገም በዓል ደግሞ ጥሬውንና ጄፔጉን አንድ ላይ እንዲጽፍ ማዘዝ ነው። ካርዱ ቶሎ ይሞላል፤ ሁለተኛ ካርድ መግዛት ግን በዓሉን ሁለተኛ ከማዘጋጀት ይቀላል።

ለግዢ ክፍል ባልደረቦች የምለው አለኝ። የካሜራ ዝርዝር መግለጫ ሲጻፍ ስንት ሚሊዮን ነጥብ እንዳለው፣ ምን ዐይነት ሌንስ እንዳለው ይጻፋል። የሚጽፈው ጥሬ ፋይል በመሥሪያ ቤቱ ባለው ፕሮግራም መከፈት አለመከፈቱ ግን አይጠየቅም። አንድ መስመር ብቻ ይበቃል፤ አቅራቢው ከካሜራው የተነሣ አንድ ጥሬ ፋይል አምጥቶ፣ በመሥሪያ ቤቱ ኮምፒዩተር ላይ ከፍቶ እንዲያሳይ ይጠየቅ። ይህ የሚሆነው በሞዴል 19 ከመፈረሙ በፊት ነው።

የመዝገብ ቤት ባልደረቦችም ጉዳይ አለ። ለዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ ያነሣ የነበረው ቤድሮስ ቦያጂያን የተጠቀመበት ዐይነት ኔጋቲቭ ዛሬ ከሣጥን ቢወጣ፣ ወደ መስኮት ከፍ አድርጎ ለያዘው ሰው ሁሉ ይታያል፤ መክፈቻው ብርሃን ብቻ ነው። ጥሬ ፋይል ግን ወደ መስኮት አይያዝም። ከሃያ ዓመት በኋላ የሚመጣ መዝገብ ጠባቂ ሣጥኑን ሲከፍት የሚያገኘው ካሜራው የተረሳ፣ ፕሮግራሙ የጠፋ የቍጥር ክምር እንዳይሆን፣ ከእያንዳንዱ ጥሬ ጐን የተጠናቀቀ ጄፔግ ወይም ቲፍ ይቀመጥ፤ ከተቻለም ዲ ኤን ጂው ይጨመር። በአቃፊው ውስጥ የካሜራው ስም፣ የተነሣበት ቀን፣ የበዓሉና የሰዎቹ ስም በተራ ጽሑፍ ተጽፎ ይኑር። የሰዎቹን ስም አደራ እላለሁ፤ እርሱን ኤግዚፍቱልም አያወጣውም።

ደኅና አምሹ።